ስፓኒሽ ለጀማሪ፦ መማሪያ አመራረጥ፣ የንግግር አጋር አፈላለግና አያያዝ

ስፓኒሽ የሚጀምር ሰው በብዛት የሚሰናከለው ሁለት ቦታ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ስልኩን በስድስት በሰባት አፕ ይሞላና አንዱንም ሳይገፋበት ይቀራል። ቀጥሎ አጋር ያገኛል፤ ግን «ኦላ» ካለ በኋላ የሚለው ይጠፋዋል፣ ወሬው ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል፣ በሳምንቱ አጋሩ መልስ መስጠት ያቆማል። ችግሩ ስንፍና አይደለም፤ የቅደም ተከተል ስህተት ነው። ከታች ያለውን በተራ ተከተሉ። በተለይ ደረጃ 5ን ሳትጨርሱ ደረጃ 6ን አትጀምሩ።

ማሳሰቢያ፦ እዚህ ያሉት የስፓኒሽ ቃላት በእኛ ፊደል የተጻፉት ለማንበብ እንዲመቹ ብቻ ነው። ደብተራችሁ ላይ ስትገለብጧቸው አጻጻፋቸውን ከመዝገበ ቃላት እያረጋገጣችሁ በላቲን ፊደል ጻፉ። ምክንያቱን ደረጃ 2 ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ከመጀመራችሁ በፊት

1. የአንድ አካባቢ ስፓኒሽ ምረጡ። ሰዋስው በአብዛኛው አንድ ነው፤ ተናጋሪዎቹም እርስ በርስ ይግባባሉ። ጀማሪን የሚያደናግሩት ትናንሾቹ ልዩነቶች ናቸው። ለምሳሌ ለወዳጆች «እናንተ» ለማለት ስፔን ውስጥ «ቦሶትሮስ» ይባላል፤ በላቲን አሜሪካ ግን «ኡስቴዴስ» ብቻ ነው። አርጀንቲና ውስጥ «አንተ» ወይም «አንቺ» የሚባለው «ቱ» ሳይሆን «ቦስ» ነው። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የምትሰሙት ሁሉ ከአንድ ወገን ይሁን። የተለየ ምክንያት ከሌላችሁ የሜክሲኮን ወይም የኮሎምቢያን ያዙ፤ አስጠኚውም የድምፅ ትምህርቱም በብዛት ይገኛል።

2. ስልካችሁ ላይ የስፓኒሽ ኪቦርድ ጨምሩ። ቀላል ይመስላል፣ ብዙዎችም ይዘሉታል። «ኝ» የሚለውን ድምፅ የምትወክለው ፊደል ኤኜ (ñ) ትባላለች፤ ከላይዋ ትንሽ የማዕበል ምልክት አላት። «አኞ» ማለት ዓመት ነው። ምልክቷ ከተዘለለች ቃሉ «አኖ» ይሆናል፤ ይህም የፊንጢጣ መጠሪያ ነው። ዕድሜያችሁን ለማታውቁት ሰው ስትጽፉ ይህ ስህተት እንዲደርስባችሁ አትፈልጉም።

3. በቀን 40 ደቂቃ፣ በአንድ የተወሰነ ሰዓት መድቡ። 15 ደቂቃ ለዋናው ትምህርት፣ 15 ለቃላት ካርድ፣ 10 ለማዳመጥ። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት አጥንቶ ሌላውን ቀን መተው አይሠራም፤ ቃላት በመሃል ይረሳሉ።

4. አንድ ደብተርና ማይክሮፎን ያለው ኢርፎን አዘጋጁ። ያለ ኢርፎን የተደረገ ጥሪ ድምፁ ያስተጋባል፤ ጀማሪ ደግሞ አንድ ፊደል እንኳ ከጠፋው ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ ያመልጠዋል።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያው ሳምንት ለድምፅ ብቻ

ቃላት መሸምደድ አትጀምሩ። ሰባት ቀን ድምፁን ብቻ ሥሩ፤ የተበላሸ አነጋገር ከተለመደ በኋላ ማረም ብዙ ጊዜ ይበላል።

አናባቢዎቹ አምስት ብቻ ናቸው፦ ኣ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ። ግዕዙና ሳድሱ ድምፅ (በ እና ብ ላይ የምንሰማው) በስፓኒሽ የሉም። ስለዚህ «ሦስት» ለማለት «ትሬስ» ስትሉ በ«ት» እና በ«ሬ» መካከል ምንም ድምፅ አታስገቡ፤ ሁለቱን አጣብቁ።

ፊደላቱን እንዲህ ያዙ፦
– አቼ (h) የምትባለው ፊደል ድምፅ የላትም። ሰላምታው «ሆላ» ሳይሆን «ኦላ» ነው።
– ቤ (b) እና ኡቤ (v) አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሁለቱም እንደ «ብ»። «ቭ» አትበሉ።
– ኾታ (j) እንደ «ኽ» ናት፤ አንዳንድ አካባቢ ወደ «ህ» ትላላለች።
– ሴታ (z) በላቲን አሜሪካ «ስ» ናት፤ በአብዛኛው ስፔን ምላስ በጥርስ መሃል ወጥቶ ይነገራል።
– ድርብ ኤሌ (ll) በአብዛኛው ቦታ «ይ» ናት፤ በቦነስ አይረስ አካባቢ ወደ «ሽ» ትሄዳለች።
– ኤኜ ራሷ «ኝ» ናት። ይህን ሌሎች ተማሪዎች ይለፉበታል፤ እናንተ አላችሁ።

ትኩረት የሚሻው «ር» ነው። ነጠላውና ድርቡ ትርጉም ይለያሉ፦ «ፔሮ» በነጠላ «ግን» ማለት ነው፤ «ር»ን አጥብቃችሁና አርገብግባችሁ ስትሉት «ውሻ» ይሆናል። አማርኛ ላልቶና ጠብቆ በሚነበብ ቃል የተሞላ ስለሆነ ልዩነቱን ለመስማት ጆሯችሁ ዝግጁ ነው። ሌሎቹን ተነባቢዎች ግን አታጥብቁ።

ጫናው የሚያርፍበት ቦታም ትርጉም ይለውጣል። «አብሎ» ጫናው መጀመሪያው ላይ ሲሆን «እናገራለሁ»፣ መጨረሻው ላይ ሲሆን «ተናገረ»/«ተናገረች» ነው። በእኛ ፊደል ሁለቱ አንድ ዓይነት ይጻፋሉ፤ በላቲን ግን ሁለተኛው መጨረሻ ላይ ጭረት አለው። በእኛ ፊደል ብቻ አትጥኑ ያልነው ለዚህ ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ ቃሉ በአናባቢ፣ በ«ን» ወይም በ«ስ» ካለቀ ጫናው ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍለ ቃል ላይ ነው፤ በሌላ ካለቀ የመጨረሻው ላይ ነው፤ ጭረት ካለ ጭረቱ ያለበት ላይ ነው።

ፎርቮ በተባለው ድረ ገጽ ላይ አንድን ቃል ሰዎች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲሉት መስማት ይቻላል። በቀን አሥር ቃል ስሙ፣ ድምፃችሁን ቅዱና ከዋናው ጋር አነጻጽሩ።

ደረጃ 3፦ ሦስት መማሪያ፣ ከዚያ በላይ አይሁን

አንድ ዋና ትምህርት፣ አንድ የማዳመጫ ምንጭ፣ አንድ የካርድ አፕ። አራተኛ ካማራችሁ ከሦስቱ አንዱን ጣሉ።

ዋና ትምህርት፦ እንግሊዝኛ የምትሰሙ ከሆነ ላንጉዌጅ ትራንስፈር ጥሩ ምርጫ ነው። ነፃ የድምፅ ትምህርት ነው፤ መምህሩ ይጠይቃል፣ እናንተ ድምፁን አቁማችሁ ጮክ ብላችሁ ትመልሳላችሁ። ሳታቆሙ ካዳመጣችሁት ምንም አይጠቅምም። የተደራጀ ኮርስ ከፈለጋችሁ ኢንስቲቱቶ ሰርቫንቴስ፣ ማለትም የስፔን መንግሥት በ1991 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው የቋንቋና የባህል ተቋም፣ በኢንተርኔት የሚሰጠው የሚከፈልበት ትምህርት አለ። ዱኦሊንጎ በየቀኑ የመቀመጥ ልማድ ያስይዛል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚያስጠናችሁ በመንካትና በመምረጥ ስለሆነ ብቻውን ለንግግር አያበቃም።

ማዳመጫ፦ ድሪሚንግ ስፓኒሽ ላይ ለፍጹም ጀማሪ የተዘጋጁ ቪዲዮዎች አሉ። ተናጋሪው እየሣለና እያሳየ በዝግታ ያወራል፤ ትርጉም የለም። እንግሊዝኛችሁ ደካማ ከሆነ ይህን ዋና ትምህርታችሁ አድርጉት። ዜናና ተከታታይ ድራማ አሁን አትጀምሩ። ከአሥር ዓረፍተ ነገር ሰባት ስምንቱን የማትረዱት ከሆነ ጆሯችሁ ጩኸት ብቻ ነው የሚሰማው።

ካርድ፦ አንኪ። በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ነፃ ነው፣ በአይፎን ይከፈልበታል። ሲጫን በቀን 20 አዲስ ካርድ ይሰጣል። ወዲያውኑ ወደ 8 ዝቅ አድርጉት። 20ው በመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይላል፤ ክለሳው ተከማችቶ በሦስተኛው ሳምንት አፑን የሚያስጠላ ነገር ያመጣል።

ፈተና፦ አንድን መማሪያ በሦስት ክፍለ ጊዜ ገምግሙ። ከሦስተኛው በኋላ መጽሐፍም ስልክም ሳታዩ አምስት አዲስ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ቀይሩት። ከቻላችሁ ግን እስከ መጨረሻው አብራችሁት ዝለቁ፤ መሃል ላይ የተሻለ አለ ቢሏችሁም።

ደረጃ 4፦ ካርዶቹን በአማርኛ ሥሩ

መማሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙዎች ካርዳቸውንም በእንግሊዝኛ ይሠራሉ። ሁለት ጊዜ መተርጎም ማለት ነው፤ ከዚያም በላይ አማርኛ የሚሰጣችሁን እርዳታ ታጣላችሁ። ይህን ተመልከቱ፦

«ሜ ጉስታ ላ ሙሲካ» — ሙዚቃ ደስ ይለኛል።
«ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» — ራሴን ያመኛል።
«አብሎ» — እናገራለሁ፤ «እኔ» ማለት አያስፈልግም፣ ግሡ ውስጥ አለ።

በእንግሊዝኛ የሚያስቡ ተማሪዎች እነዚህን ለመያዝ ይቸገራሉ፤ በእንግሊዝኛው ደስ የሚለው ሰው ባለቤት ነውና። በአማርኛ ግን ደስ የሚለው ነገሩ ነው፣ በስፓኒሽም እንዲሁ። «ቱ» እና «ኡስቴድ»ንም «አንተ/አንቺ» እና «እርስዎ» ብላችሁ ያዙ።

በእንግሊዝኛ በኩል የሚመጣ ሌላም ወጥመድ አለ። «ኤምባራሳዳ» የእንግሊዝኛውን «አፈረች» ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን «እርጉዝ» ነው።

አማርኛ የሚያሳስትባቸውን ደግሞ በቀይ ጻፉ። ዕድሜ ስትናገሩ «30 ዓመቴ ነው» በሚለው መንገድ አትሂዱ፤ ስፓኒሹ «30 ዓመት አለኝ» ይላል፦ «ቴንጎ ትሬይንታ አኞስ»። ከሁሉ የሚከብደው «ነኝ» ነው፤ ስፓኒሽ ለዚህ «ሶይ» እና «ኤስቶይ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉት። «ሶይ አቡሪዶ» ብትሉ «አሰልቺ ሰው ነኝ» ማለታችሁ ነው፤ «ኤስቶይ አቡሪዶ» ግን «ሰልችቶኛል» ነው። ተናጋሪዋ ሴት ከሆነች «አቡሪዳ» ትላለች።

ነጠላ ቃል ካርድ ላይ አታድርጉ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሁን፤ ፊት ለፊቱ አማርኛ፣ ጀርባው ስፓኒሽ። የምትሠሩት ለመናገር ስለሆነ ከአማርኛ ወደ ስፓኒሽ የሚሄደው አቅጣጫ ይቀድማል።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ጥሪ አንድ ገጽ

አጋር ለመፈለግ የምትበቁት በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሳምንት ገደማ፣ 250 ያህል ቃላት ስትይዙ ነው። ከዚያ በፊት የሚከተለውን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ጨርሱ።

ሀ) ስለ ራሳችሁ አሥር ዓረፍተ ነገር፦ ስም፣ ሥራ ወይም ትምህርት፣ ቤተሰብ፣ የምትወዱት ነገር፣ ስፓኒሽ ለምን እንደምትማሩ። ከመደወላችሁ በፊት ሳታዩ አምስት ጊዜ ጮክ ብላችሁ በሉት።

ለ) አሥር ጥያቄ። ይህን አትዝለሉ። ጀማሪ መልስ ብቻ አዘጋጅቶ ሲመጣ ወሬው በሦስት ደቂቃ ያልቃል። «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚያስመልሱ አይሁኑ፤ «ኬ አሴስ ሎስ ዶሚንጎስ?» (እሑድ እሑድ ምን ትሠራለህ/ትሠሪያለሽ?) ዓይነት ይሁኑ።

ሐ) የማዳኛ ሐረጎች፣ በትልቁ ተጽፈው ከስክሪኑ አጠገብ፦
– «ማስ ዴስፓሲዮ፣ ፖር ፋቦር» — እባክህ/እባክሽ ቀስ በል/በዪ
– «ፑዌዴስ ሬፔቲርሎ?» — ልትደግመው/ልትደግሚው ትችላለህ/ትችያለሽ?
– «ኬ ሲግኒፊካ…?» — … ምን ማለት ነው?
– «ኮሞ ሴ ዲሴ… ኤን ኤስፓኞል?» — … በስፓኒሽ እንዴት ይባላል?
– «ፑዌዴስ ኤስክሪቢርሎ?» — ልትጽፈው/ልትጽፊው ትችላለህ/ትችያለሽ?

«ኖ ኤንቲዬንዶ» (አልገባኝም) ብላችሁ ብቻ አትቁሙ። አጋሩ ምን እንዳልገባችሁ ስለማያውቅ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ያልገባችሁን ቃል ነጥላችሁ «ኬ ሲግኒፊካ» በሉ፤ ያን ጊዜ በስፓኒሽ ያስረዳችኋል።

ደረጃ 6፦ አጋር ማፈላለግ

መጀመሪያ በልውውጡ ምን እንደምትሰጡ ወስኑ። ታንደምና ሄሎቶክ የሚባሉት አፖች፣ ኮንቨርሴሽን ኤክስቼንጅ የሚባለውም ድረ ገጽ የሚሠሩት በልውውጥ ነው፦ አንተ ቋንቋዬን አስተምረኝ፣ እኔ ያንተን። አማርኛ መማር የሚፈልግ የስፓኒሽ ተናጋሪ ጥቂት ነው፤ «አማርኛ አስተምራለሁ» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ወራት ትጠብቃላችሁ። እንግሊዝኛ የሚፈልግ ግን ሞልቷል። መካከለኛ እንግሊዝኛ ካላችሁ ለጀማሪ አጋር ይበቃል፤ ደረጃችሁን ግን በእውነት ጻፉ። የምትለውጡት ቋንቋ ከሌላችሁ ጊዜ አታባክኑ፣ ወደ ደረጃ 8 እለፉ።

ፕሮፋይል፦ ፎቶ፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር በስፓኒሽ፣ ሁለት የምትወዷቸው ነገሮች፣ የምትመቹበት ቀንና ሰዓት። ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) እና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፉ። ኮሎምቢያና ፔሩ ዓመቱን ሙሉ ከዩቲሲ 5 ሰዓት፣ አርጀንቲና 3 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። ስፔን በክረምቷ 1፣ በበጋዋ 2 ሰዓት ወደ ፊት ናት፤ በፈረንጆቹ ማርችና ኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ሰዓቷ ስለሚቀየር በእነዚያ ሳምንታት ቀጠሮውን ደግማችሁ አረጋግጡ።

መልእክት፦ «ኦላ» ብቻ ልኮ መጠበቅ መልስ አያስገኝም። የሰውየውን ፕሮፋይል አንብባችሁ አንድ ነገር ጥቀሱና ግልጽ ሐሳብ አቅርቡ። እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«ኦላ። ኤስቶይ አፕሬንዲዬንዶ ኤስፓኞል ዴስዴ አሴ ዶስ ሜሴስ። ቤኦ ኬ ቴ ጉስታ ኮሲናር። ኪዬሬስ አብላር ትሬይንታ ሚኑቶስ ፖር ሴማና? ኪንሴ ኤን ኤስፓኞል፣ ኪንሴ ኤን ኢንግሌስ።»

(ሰላም። ስፓኒሽ መማር ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ምግብ ማብሰል እንደምትወድ/እንደምትወጂ አየሁ። በሳምንት 30 ደቂቃ ብናወራስ? 15 በስፓኒሽ፣ 15 በእንግሊዝኛ።)

ለአሥር ሰው በተናጠል ጻፉ። ከአሥሩ ሦስት ቢመልሱ፣ ከሦስቱ አንድ ቢዘልቅ ጥሩ ነው። አንድ አጋር ብቻ ላይ አትመኩ፤ ሁለት ያዙ።

ጥንቃቄ፦ የመጀመሪያዎቹን ጥሪዎች በአፑ ውስጥ አድርጉ። በሁለተኛው ቀን ወደ ሌላ መልእክት መላኪያ እንሂድ የሚል፣ ስለ ኢንቨስትመንት ወይም ክሪፕቶ የሚያነሳ፣ ችግር ገጥሞኝ ነው ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ አትከራከሩ፤ አግዱና ለአፑ አመልክቱ። አድራሻና የመታወቂያ ፎቶ አትላኩ። በአካል የምትገናኙ ከሆነ ሰው በሚበዛበት ቦታ በቀን ይሁን።

ደረጃ 7፦ ጥሪው እንዴት ይሂድ

1. ከቀጠሮው ቀን በፊት ባለው ቀን አንድ ደቂቃ የማይሞላ የድምፅ መልእክት ላኩ። የሁለታችሁም ድምፅ ቀድሞ ይለመዳል፤ ፍርሃቱ ግማሹ ይቀንሳል።
2. ርዕሱን አስቀድማችሁ ተስማሙ። አንድ ርዕስ ብቻ፤ እንደ «የትናንት ውሎ»።
3. 15 ደቂቃ ታይመር ሙሉ፤ ስፓኒሹ ይቅደም። እንግሊዝኛው ከቀደመ ወሬው ይሞቅና መመለስ ያስቸግራል።
4. እርማትን ገድቡ። በእያንዳንዱ ቃል ላይ የሚታረም ጀማሪ አፉ ይያዛል። አጋራችሁ ሦስት ትልልቅ ስህተቶችን ብቻ ጽፎ መጨረሻ ላይ እንዲነግራችሁ ጠይቁ።
5. ታይመሩ ሲጮህ ቋንቋ ቀይሩ። በእንግሊዝኛው ተራ እናንተም እንዲሁ ሦስት ስህተት ጻፉለት/ጻፉላት። አጋር የሚቆየው ጥቅም ሲያገኝ ነው።
6. ከመዘጋቱ በፊት የሚቀጥለውን ቀንና ሰዓት ቁረጡ። «እንጻጻፋለን» ብሎ መለያየት የመጥፋት መጀመሪያ ነው።
7. በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስቱን እርማቶች ካርድ አድርጉ። ለምሳሌ «ሶይ ካንሳዶ» ብላችሁ ታርማችሁ ከሆነ፣ ፊት ለፊቱ «ደክሞኛል»፣ ጀርባው «ኤስቶይ ካንሳዶ» ይሁን። በሚቀጥለው ጥሪ ይህንኑ ሆን ብላችሁ ተጠቀሙበት።

ደረጃ 8፦ መክፈል የሚሻልበት ጊዜ

የምትለውጡት ቋንቋ ከሌላችሁ፣ ወይም ሁለት ወር ሞክራችሁ አጋር ካልጸና፣ አስጠኚ ቅጠሩ። አይቶኪ ላይ ሁለት ዓይነት አሉ፦ የማስተማር ሙያ ያላቸው መምህራንና ለንግግር ልምምድ የሚሆኑ አስጠኚዎች። ሰዋስው ከተምታታባችሁ የመጀመሪያውን፣ አፋችሁ ካልተፈታ ሁለተኛውን ያዙ፤ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። ሌሎች መድረኮች ላይ ክፍያው በየትምህርቱ ነው ወይስ በየወሩ የሚቆረጥ የሚለውን ካርዳችሁን ከማስገባታችሁ በፊት አንብቡ።

በሙከራው ክፍለ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለኩ፦ ከ30 ደቂቃ እናንተ ስንቱን ተናገራችሁ? ከ12 በታች ከሆነ፣ ትምህርቱ የቱንም ያህል ቢጥም ሌላ ፈልጉ።

ሲበላሽ

አጋሩ ሁልጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል፦ አብዛኛውን ጊዜ ሊረዳችሁ ብሎ ነው። «ኤን ኤስፓኞል፣ ፖር ፋቦር፤ ኪዬሮ ፕራክቲካር» (በስፓኒሽ፣ እባክህ/እባክሽ፤ መለማመድ እፈልጋለሁ) በሉ። ሁለት ጊዜ ተነግሮት ካልተመለሰ አጋር ቀይሩ።

አጋሩ ጠፋ፦ ከሳምንት በኋላ አንድ መልእክት፣ ከቀን አማራጭ ጋር። መልስ ከሌለ በቃ፤ አትውቀሱ። ሁለተኛውን አጋር የያዛችሁት ለዚህ ነው።

በጣም ይፈጥናል፦ ቀስ በል ሲባል ለአንድ ደቂቃ ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ልማድ ነው። በድምፅ መልእክት ቀይሩት፤ የተላከውን አዘግይታችሁ፣ ደጋግማችሁ፣ የሰማችሁትን እየጻፋችሁ አዳምጡ። በአራት ሳምንት ወደ ጥሪ ተመለሱ።

ወሬው ወደ ፍቅር ዞረ፦ አንድ ጊዜ በግልጽ «ሶሎ ኪዬሮ ፕራክቲካር ኤስፓኞል» (ስፓኒሽ መለማመድ ብቻ ነው የምፈልገው) በሉ። ከቀጠለ አግዱ።

ይገባኛል፣ መናገር ግን አቃተኝ፦ የምትረዱት የአንድ ደቂቃ ድምፅ ምረጡ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ አዳምጡ። በሁለተኛው ጽሑፉን እያያችሁ ከተናጋሪው ጋር እኩል በሉት። በሦስተኛው ያለ ጽሑፍ። በአራተኛው ይዘቱን በራሳችሁ ቃል ተናግራችሁ ቅዱና ለአጋራችሁ ላኩ። በየሳምንቱ አዲስ ድምፅ ውሰዱ፤ የቀዳችሁትን አታጥፉ፣ በሦስተኛው ወር የመጀመሪያውን ከፍታችሁ ከአዲሱ ጋር አወዳድሩ። የማትሳሳቱበት ነገር ከካርዳችሁ ይውጣ፤ አሁንም የምትሳሳቱበት ለሚቀጥለው ጥሪ ርዕስ ይሁን።